አዴ ጫልቱ ከተማዋን ያዩ ቀን

አዲስ አበባን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁበትን ቀን አላውቀውም። እዚያው ተወልጄ እዚያው ስላደግሁ እንዲህ የሚባል ቀን የለኝም። የማውቀው አከራዬ አዴ ጫልቱ እንደ አዲስ ያዩበትን ቀን ነው። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማምሻው አብሬያቸው ነበርኩ፤ እንዳየሁት አወራችኋለሁ።

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። በአንድ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት ተቀጥሬ ከተማዋን ለእንግዶች አስተዋውቃለሁ። ለስብሰባ የመጡ፣ አውሮፕላን እስኪቀይሩ ግማሽ ቀን የተረፋቸው፣ ጡረታ ወጥተው ዓለምን የሚዞሩ። በሚኒባስ አሳፍሬያቸው ከፊት ወንበር ወደ ኋላ ዞሬ ማይክ እይዛለሁ። «እንኳን ወደ አፍሪካ መዲና በደህና መጣችሁ» እላለሁ። ከዚያ የከተማዋ ከፍታ፣ የስሟ ትርጉም፣ የአህጉሩ መሪዎች የሚሰበሰቡበት ሕንፃ፣ ሙዚየሙ፣ ከእንጦጦ ላይ ቁልቁል የሚታየው ነገር። የት ላይ እንደሚስቁ፣ የት ላይ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ እንደሚያነሱ አውቃለሁ። ተናግሬ ስጨርስ ምን እንዳልኩ የማላስታውስበት ቀን ብዙ ነበር።

ማታ የምገባው ግን ሱሉልታ ነው። የከተማው የቤት ኪራይ አልቻል ሲለኝ ለጊዜው ብዬ ወጣሁና አዴ ጫልቱ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። አዴ ጫልቱ ስድሳዎቹን አጋምሰዋል። ባላቸው ኦቦ ደገፋ ከሞቱ ቆይተዋል። ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ተጋርደው ከብርሃንና ከጥላ በቀር የሚለዩት ነገር አልነበረም። ግቢውን ግን በእጅና በእግራቸው ያውቁታል። ላሚቱን ራሳቸው ያልባሉ፤ የውጭውን በር ማን እንደከፈተው ከድምፁ ይለያሉ። ስገባ «ሐና፣ አካም ኦልቴ?» ይሉኛል፤ እንዴት ዋልሽ ማለታቸው ነው። እኔም ከዚያች የማታልፈውን ኦሮምኛዬን መልሼ ክፍሌ እገባለሁ። ትውውቃችን ከዚህ የዘለለ አልነበረም።

ሲጠብቁት የኖሩት የዓይን ቀዶ ሕክምና ተራ አንድ ቀን ደረሳቸው። ትወስዳቸዋለች የተባለችው ልጃቸው ድንቅነሽ ፍቼ ነው የምትኖረው፤ ያኔ ደግሞ ገና አራስ ነበረች። አዴ ጫልቱ መጥተው በሬን አንኳኩ።

«ለሰው ከተማ ማሳየት አይደል ሥራሽ?» አሉኝ።

«ነው።»

«እኔንም ውሰጂኝ። እኔ እንኳ የምሄደው ለማየት ሳይሆን ለመታየት ነው።»

እምቢ የምልበት ምክንያት አላገኘሁም። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠየቅሁና በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን።

የእንጦጦን ዳገት ስንጀምር ክንዴን ነካ አድርገው «የት ደረስን?» አሉ።

እኔም ሳላስበው የለመድኩትን ንግግር ጀመርኩ። ከተማዋ መቼ እንደተቆረቆረች፣ ለምን ከተራራው ወደ ሜዳው እንደወረደች፣ ዛሬ ስንት ኤምባሲ እንዳለባት። እስክጨርስ አዳመጡኝና፣ «ይኼን ሬዲዮም ይናገረዋል» አሉ፣ ቅያሜ በሌለው ድምፅ። «አሁን በመስኮቱ የሚታየውን ንገሪኝ።»

ተመለከትኩ። በየቀኑ የምመላለስበት መንገድ ነው፤ ሁልጊዜ ግን ስልኬን እያየሁ ነው የማልፈው። በአስፋልቱ ዳር ሯጮች ተከታትለው ዳገቱን ይወጣሉ፤ የመጨረሻዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ ቀርታለች። ከፊታችን አንድ አይሱዙ የቤት ዕቃ ጭኖ ያቃስታል፤ ከላይ ፍራሽ፣ ፍራሹ ላይ ደግሞ አንዲት ሴት የፕላስቲክ ወንበር ታቅፋ ተቀምጣለች። ባሕር ዛፉ ሲያልቅ ከተማዋ ከታች ታየች። አብዛኛዋ ጭጋግ ውስጥ ነበረች፤ ከጭጋጉ በላይ የሕንፃ ጫፎችና ክሬኖች ብቻ ወጥተዋል። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው።

«የቀረችው ሯጭ ደረሰችባቸው?» አሉ።

«አላየሁም፤ አለፍናት።»

«ትደርሳለች» አሉ።

ቀዶ ሕክምናው እኔ ካሰብኩት በጣም ባጠረ ጊዜ አለቀ። ለጊዜው የቀኝ ዓይን ብቻ ነበር የሚሠራው። በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ ወጡ፤ በማግስቱ ተመልሰን ፋሻው እንዲነሣ ተነገረን። ሱሉልታ ገብተን አደርን። ጠዋት በሚኒባሱ ውስጥ ምንም አልጠየቁኝም። እጃቸው ብቻ ጉልበቴ ላይ ነበር።

ፋሻውን ያነሣችው ወጣት ሐኪም ናት። «ቀስ ብለው ይግለጡት» አለች። አዴ ጫልቱ የዓይናቸውን ሽፋን ገለጡ፣ መልሰው ጨፈኑ፣ እንደገና ገለጡ።

«ምን ይታይዎታል?»

ሐኪሟ ጠበቀች። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዓይን ሥዕል እያየሁ ቆየሁ፤ ፊታቸውን ማየት ስላልደፈርኩ ነው።

«ጢስ» አሉ በመጨረሻ። «ጢስ ነው የሚታየኝ።» ሐኪሟ አልደነገጠችም። ጣቶቿን ከፊታቸው አቆመች። አዴ ጫልቱ አንገታቸውን ወደፊት ሰገግ አድርገው ብዙ ከቆዩ በኋላ «ሦስት» አሉ። ቀጥለው «ቀለበት አድርገሻል» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሐና አንቺ ነሽ? ድምፅሽን ስሰማ ወፍራም ትመስይኝ ነበር።»

ሐኪሟ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ጠብታውንና ጥቁር መነጽሩን ሰጥታን ትእዛዙን ዘረዘረች፦ አቧራ እንዳይነካቸው፣ እንዳያጎነብሱ፣ እንዳያለቅሱ፣ አሁኑኑ ቤት ገብተው እንዲያርፉ። አዴ ጫልቱ ለሁሉም «እሺ» አሉ።

ውጭ ወጥተን የሆስፒታሉ አጥር ጥግ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲቀመጡ፣ «ሱሉልታ አሁን አንሄድም» አሉኝ። «መጀመሪያ እትዬ አስካለ ጋ።»

«እትዬ አስካለ ማናቸው?»

«ድንቅነሽ እሳቸው ቤት ነው የተወለደችው» አሉና ነገሩኝ። በወጣትነታቸው ወተት እየሸጡ እንጦጦን በእግር ይሻገሩ ነበር። እትዬ አስካለ ደንበኛቸው ናቸው፤ ከጊዮርጊስ ቁልቁል፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ያለው ቤት። አንድ ቀን ቀናቸው ገና መስሏቸው ወተት ይዘው ሲወርዱ በሩ ላይ ምጥ ያዛቸው። እትዬ አስካለ አስገብተው በራሳቸው አልጋ ላይ አስተኟቸው። አዋላጅ አስጠሩ። ኦቦ ደገፋ ሰምተው እስኪመጡ እንደ እናት አረሷቸው። የልጅቱን ስም ያወጡትም እሳቸው ናቸው።

«ዓይኔ እስኪከዳኝ አልተለያየንም ነበር። ኋላ ግን ዓይኔም ጠፋ፣ ደገፋም ሞተ፣ ቀረሁ። ሰው ብልክ ቤቱን አጣነው ብለው ተመለሱ። ዓይኔ የተገለጠ ቀን የምሄደው እሳቸው ጋ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ።»

«ሐኪሟ ያለችውን ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ። አንቺ ካልመጣሽ እየጠየቅሁ እሄዳለሁ።»

ክንዳቸውን ይዤ ሄድኩ። በዚያን ቀን ነው አዲስ አበባን ያስተዋወቅኋቸው ማለት እችላለሁ፤ ምንም እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ባልናገርም። ሰፊው የእግረኛ መንገድ ላይ ቆመው ወደ ላይ አዩ። ቀና ማለት አልተከለከሉም። ሙሉ በሙሉ በመስታወት የተሸፈነ ሕንፃ ነበር፤ ሰማዩና ደመናው ላዩ ላይ ይንሸራሸራል። «ይኼን ሁሉ መስታወት ማነው የሚወለውለው?» አሉ። አላውቅም አልኳቸው። የብስክሌት መንገዱን፣ በየመሐሉ የተተከሉትን ዘንባባዎች፣ የመብራት ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ እያዩ አለፉ። «ያምራል» አሉ። ትንሽ ሄደን ደግሞ፣ «በየት በኩል ነው ወደ ታች የምንወርደው?» አሉ። እዚህ ቦታ ላይ በወጣትነታቸው የሚያውቁት ቁልቁለት ነበር። አሁን ሜዳ ሆኗል።

ከጊዮርጊስ ቁልቁል ደረስን። አረንጓዴ የቆርቆሮ በር አልነበረም። በርም፣ መንደርም አልነበረም። አዲስ የተነጠፈ አደባባይ፣ የውሃ ፏፏቴና የድንጋይ መቀመጫ ነበር። ያቺን ቦታ ለእንግዶች አሳይቻታለሁ፤ ፎቶ የሚያነሱባት ቦታ ናት። አዴ ጫልቱ መቀመጫው ላይ ቁጭ ብለው ቆዩ። ዓይናቸውን በጠራራ ፀሐይ ከፍተው እንዳይደክምባቸው ፈራሁ።

«እንሂድ» አልኳቸው።

«እሳቸውን የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ አይጠፋም» አሉ።

ከአደባባዩ ማዶ ያልተነሡ ጥቂት ሱቆች ነበሩ። አንደኛው የጨርቅ ሱቅ ነው፤ ባለቤቱ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ አዛውንት። የመጣንበትን ስነግራቸው ሜትሩን አስቀምጠው ወንበር ሰጡን።

«እነዚያማ ተበተኑ» አሉ። «አንዱ ሰበታ፣ አንዱ ለገጣፎ፣ ኮንዶሚኒየም የገባም አለ። አንድ ሰው ሲሞት እንኳ ለመሰብሰብ ሦስት ታክሲ መቀያየር ሆኗል።»

«እትዬ አስካለስ?» አሉ አዴ ጫልቱ።

«የደረሳቸው ቤት ፎቅ ላይ ነበር፤ ጉልበታቸው ደረጃ አልቻለም። የእህታቸው ልጅ ቡራዩ ወስዳቸዋለች፣ ከታ የሚባለው ሰፈር። ወንድሜ እዚያ ሱቅ አለው። ስልክ እደውልለታለሁ፣ በሩን ያሳያችኋል።»

ቡራዩ ከሱሉልታ ጋር በካርታ ላይ ሲያዩት ጎረቤት ይመስላል፤ ግን ከአንዱ ወደ አንዱ ለመሄድ መሐል ከተማ ገብቶ መውጣት ያስፈልጋል። አስፋልቱ ሲያልቅ ባጃጅ ያዝን። የሚያልፈው መኪና ሁሉ አቧራ ይነሰንሳል። አዴ ጫልቱ በመነጽሩ ላይ ነጠላቸውን ጠመጠሙ፤ ያየ ሰው አሁንም ዓይነ ስውር የምመራ ይመስለዋል። በልቤ ለአንድ ጉብኝት ሲሉ ዓይናቸውን ሊያጡት ነው እያልኩ ነበር። የሐጂ ሰይድ ወንድም ከሱቁ ደጃፍ ሰማያዊ በር ጠቆመን።

ግቢው አዲስ ነው። ከትልቁ ቤት ጀርባ በብሎኬት የተሠሩ ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። የመጨረሻው ክፍል በር ላይ አንዲት ቀጠን ያሉ አሮጊት ብቅ አሉ።

«እትዬ አስካለን ፈልገን ነበር» አልኩ።

«ማን ናችሁ?»

አዴ ጫልቱ ነጠላውን ፈትተው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋቸው። እንዳላወቋቸው ከፊታቸው ገባኝ። «ጫልቱ ነኝ» አሉ፣ እንደሚጠራጠር ሰው። «የሱሉልታዋ። ወተት የማመጣው።»

አሮጊቷ የበሩን መቃን ያዙ። ከኋላቸው ክፍሉ ይታያል፤ አልጋ፣ የተደራረበ ሻንጣ፣ ለክፍሉ የማይሆን ትልቅ ቁም ሣጥን የመስኮቱን ግማሽ ዘግቶታል። እኔ ወደ ውስጥ ሳይ አይተው በሩን ገርበብ አደረጉት።

«አስካለ ሞታለች» አሉ። «ካረፈች ቆየች።»

አዴ ጫልቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አሟቸው መስሎኝ ደገፍኳቸው። «አስቀምጪኝ» አሉኝ፤ ደጃፉ ላይ ያለ ብሎኬት ላይ አስቀመጥኳቸው። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ነበሩ።

«ነፍሳቸውን ይማር» አሉ። «እርስዎ ዘመዳቸው ነዎት?»

«ጎረቤት ነበርኩ።»

«እንግዲያው ለቅሶ ልድረስ። ቀብራቸው ላይ አልነበርኩም።»

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና ለቅሶ ቤት እንደሚወራ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ሟቿ ማውራት ጀመሩ። እኔ መሞታቸውን አምኜ ነበር። ቆሜ፣ ወደ ሱሉልታ የምንመለስበትን መንገድ እያሰብኩ ነበር። አሮጊቷ ወደ ውስጥ አልገቡም። በሩን እንደያዙ ያዳምጣሉ።

«እኔን የመሰለች ጭቃ በጭቃ የሆነች ባላገር፣ ንጹሕ አንሶላ ላይ ነው ያስተኙኝ» አሉ አዴ ጫልቱ። «ገንፎውን በእጃቸው አጎረሱኝ። ደገፋ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ አልገባም አለ፤ ጫማው ቆሻሻ ስለነበረ። እጁን ይዘው አስገቡት። ያን ቀን ካፊያ ነበር። ቀስ እያለ ሲያካፋ ነው የዋለው።»

«በረዶ ነው» አሉ አሮጊቷ።

አዴ ጫልቱ ዓይናቸውን አልገለጡም።

«ካፊያ አይደለም። በረዶ ነው የጣለው። የጓሮዬን ጎመን እንዳለ ጨርሶት አልነበር?»

አሮጊቷ «የጓሮዬን» ነው ያሉት። ያሉትን የሰሙት ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። በጎረቤት ግቢ ሰው ልብስ ሲያጥብ፣ ውሃ ሲደፋ ይሰማል።

«ድንቅነሽ ወልዳለች» አሉ አዴ ጫልቱ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። «ሴት ናት። ስም አላወጣንላትም።»

እትዬ አስካለ የበሩን መቃን ለቀው ቀስ ብለው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። «እንዲህ ሆኜ እንድታይኝ አልፈለግሁም፣ ጫልቱ» አሉ።

«መች አየሁዎት» አሉ አዴ ጫልቱ። «ጨፍኜ ነው ያወቅሁዎት።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ አላወራችሁም። ሁለቱም አለቀሱ፤ ሐኪሟ የከለከለችው ነገር ሁሉ ሆነ። እኔ ጠብታውን ይዤ መሐላቸው ቆምኩ። የእህታቸው ልጅ ከሥራ ስትመለስ እኛን ደጃፍ ላይ አገኘችን። አክስቷ ከመጡ ጀምሮ ከግቢ ወጥተው እንደማያውቁ፣ ሰውም ጠይቋቸው እንደማያውቅ የነገረችን እሷ ናት። አሮጊቷ ለጎረቤት እንኳ ስማቸውን አልተናገሩም ነበር።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። «በረዶውን ረስተውት ነው?»

«እንዴት ይረሳል» አሉ አዴ ጫልቱ። «ጀርባዬን ነው የደበደበኝ።»

በማግስቱ ዓይናቸው ፍም መስሎ አደረ። ሐኪሟ ዘንድ ስንመለስ እኔን ነው የተቆጣችው። ሌላ ጠብታ ታዘዘ፤ ለብዙ ቀናት ዓይኑ ይትረፍ አይትረፍ አልታወቀም ነበር። ተረፈ። ኋላ የግራውም ተሠራላቸው።

ለሕፃኗ ክርስትና እትዬ አስካለ ሱሉልታ መጡ። ስሟን እሳቸው አወጡላት፤ ፅጌ ተባለች። ለሁለት ቀን ብለው መጥተው ሰነበቱ። አዴ ጫልቱ እዚሁ ይኑሩ ቢሏቸውም ቡራዩ ተመለሱ፤ ዘመድ ትቶ ባዕድ ቤት መኖር አልሆነላቸውም። ኋላ የእህታቸው ልጅ ሥራ ቀይራ ሰበታ ስትገባ አብሮ የመኖሩ ነገር እንደገና ተነሣ። በዚህ ጊዜ አዴ ጫልቱ አልጠየቋቸውም፤ አይሱዙ ላኩ። ቁም ሣጥኑ በበር አልገባ ብሎ የበሩን መቃን አፍርሰን ነው ያስገባነው። አሁን ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ይኖራሉ። ከጠዋት እስከ ማታ ይከራከራሉ፤ አንዷ ኦሮምኛ፣ አንዷ አማርኛ እየቀላቀሉ። እኔም ከሱሉልታ አልወጣሁም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ አንዳንዶቻችሁ አዲሶቹን መንገዶች ትወዳላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ትቆጡባቸዋላችሁ። እኔ በዚህ ልከራከራችሁ አልመጣሁም። አዴ ጫልቱም ያምራል ነው ያሉት፤ እያዩ፣ እውነታቸውን ነበር። ያን ቀን በእኔ ላይ የለወጠው ሌላ ነገር ነው። ከተማዋን አውቃታለሁ የምለው ሕንፃዎቿን ስለማውቅ ነበር። ሕንፃ ደግሞ ሲቆም አውቀዋለሁ፣ ሲፈርስም አውቀዋለሁ። ሰዎቹ ወዴት እንደሄዱ ግን ጠይቄ አላውቅም፤ ከእነሱ ጋር በአንድ ሚኒባስ በየማታው እየተሳፈርኩ። ከዚያ ወዲህ አጠገቤ የሚቀመጠውን ሰው የየት ሰፈር ሰው እንደሆነ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይገላምጠኛል። አብዛኛው ግን እስክንደርስ ድረስ ያወራኛል።

ሥራዬን አልተውኩም። ማይኩን አሁንም እይዛለሁ፤ ንግግሩ ግን አጥሯል። በመስኮቱ የሚታየውን እናገራለሁ። በቅርቡ አንዲት ከሉሳካ የመጣች እንግዳ ካርታዋን ዘርግታ የከተማዋ መሐል የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ድሮ ቢሆን ሳላስብ ጣቴን አስቀምጥላት ነበር። ካርታውን አየሁት። ሱሉልታ ከላይ፣ ቡራዩ ከግራ፣ ሰበታ ከታች፣ ጠርዙ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፈዋል።

«ማንን ለማግኘት መጣሽ?» አልኳት።